አስፈሪ መልክ ያላቸው የሃሎዊን አፔታይዘሮች፦ የትኛው ለየትኛው ግብዣ ይሆናል?

አንድ ዓመት ለልጆቼ የሃሎዊን ግብዣ ሳዘጋጅ፣ በተቀቀለ እንቁላል ላይ የሚቀመጡ 24 ሸረሪቶችን ከጥቁር የወይራ ፍሬ ለመሥራት ወሰንኩ። ሸረሪት ስምንት እግር እንዳለው የማያውቅ ሰው የለም፤ 24 ሸረሪት 192 እግር እንደሚፈልግ ያሰላሁት ግን ቢላዬን ይዤ ከቆምኩ በኋላ ነው። እንግዶቹ በሩን ሲያንኳኩ ገና 11ኛው ሸረሪት ላይ ነበርኩ። የቀሩት 13 ቁራጮች ያለ ሸረሪት ቀረቡ፤ ልጆቹ ወይራውን እየነቀሉ የሚጥሉበት ድካም ስላልነበረባቸው አስቀድመው ያለቁትም እነሱ ሆኑ።

በአፔታይዘር፣ ማለትም በግብዣ መጀመሪያ በሚቀርብ ትንንሽ መክሰስ፣ ምርጫ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ፎቶግራፍ የሚነሣው ምግቡ ተሠርቶ ባለቀበት ደቂቃ ሲሆን፣ እንግዳ የሚበላው ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ከተነሣለት፣ ጫፉ መድረቅ ከጀመረና ልጆች በጣታቸው ከነካኩት ትሪ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸውን ምግቦች የምመዝነው ሲቀርቡ በሚያሳዩት መልክ ሳይሆን፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለተኛው ሰዓት ሲገባ ምን እንደሚመስሉ፣ ምን ያህል የእጅ ሥራ እንደሚጠይቁና ከተጋበዙት መካከል ማን ሊበላቸው እንደማይችል በማየት ነው። ንጽጽሩ የታሰበው አሜሪካ ውስጥ ኦክቶበር 31 ቀን ልጆች ከረሜላ ለመሰብሰብ ከመውጣታቸው በፊት ወይም ከተመለሱ በኋላ፣ ከ10 እስከ 20 ሰው ለሚገኝበት የቤት ግብዣ ነው። በዓሉን በእምነታቸው ምክንያት የማያከብሩ ቤተሰቦች በመካከላችን ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ የምጽፈው ለማክበር ለወሰኑት ነው።

አንድ ወጥ ትርኢት ወይስ በነጠላ የሚነሣ?

ከምግቡ ዓይነት በፊት የሚመረጠው የአቀራረቡ ዓይነት ነው። አንዳንዱ አፔታይዘር ሙሉ ትሪውን ይዞ አንድ ምስል ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ጉርሻ የራሱ ፊት አለው። የመጀመሪያው ዓይነት ዋና ምሳሌ የአትክልት አጽም ነው። አከርካሪው በክብ ከተቆረጠ ኪያር፣ የጎድን አጥንቱ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ የፈረንጅ ቃሪያ፣ እጅና እግሩ ከካሮትና ከሰለሪ ይሠራል፤ በራሱ ቅል ቦታ ማጥቀሻ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል። ለመደርደር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ ሲታይም ያምራል። ነገር ግን የመጀመሪያው ልጅ አንዲት የጎድን አጥንት ሲያነሣ ምስሉ መፍረስ ይጀምራል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ትሪው ላይ የሚታየው የተረፈ ሰላጣ ብቻ ነው። አጽሙን የምመክረው እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚገቡበትና ፎቶ ለሚነሣበት ግብዣ እንጂ፣ እንደ እኛ አንዱ በቀጠሮው ሌላው ከሰዓት ተኩል በኋላ ለሚመጣበት ስብሰባ አይደለም።

እዚያው ዓይነት ውስጥ ሆኖ በተቃራኒው የሚሠራ አንድ ምግብ አለ፤ እርሱም «የሚያስመልሰው ዱባ» ነው። ትንሽ ዱባ ዓይንና ሰፊ አፍ ተቀርጾለት በትሪው ዳር ይቀመጣል፣ ከአፉ ጀምሮ እስከ ትሪው መካከል የተፈጨ አቮካዶ ይፈስሳል። ይህ ምስል ሲበላ አይበላሽም፤ እንዲያውም በቺፕስ እየተጫረ በሄደ ቁጥር እውነተኛ ይመስላል። ሥራው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ለዚህ የሚውለው ዱባ ግን በዕለቱ የተቀረጸ ንጹሕ ዱባ መሆን አለበት፤ በረንዳ ላይ ሳምንት የከረመው ዱባ ሻጋታ ስለሚይዝ ከምግብ ጋር መነካካት የለበትም። ሌላው ጉዳቱ የጨዋነት ነው። ልጆች በሣቅ ይፈነዳሉ፤ እናቴ ግን ምን እንደሚያሳይ ከተነገራት በኋላ ወደዚያ ጠረጴዛ ሁለተኛ አልቀረበችም። ሽማግሌዎች የሚገኙበት ግብዣ ከሆነ ዱባው ይቅር።

በነጠላ የሚነሡት ይህ ሁሉ ችግር የለባቸውም፤ ከ24 ቁራጭ 20ው ቢበላ የቀሩት አራቱ እንደ መጀመሪያው ናቸው። የእነሱ ጣጣ የእጅ ሥራው በቁጥር መባዛቱ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ ቁራጭ ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ጌጥ መምረጥ አይገባም። በልምዴ እንዳየሁት አንድን ምግብ አስፈሪ የሚያደርገው ዓይን ነው። ሁለት ነጥብ ብቻ ያረፈበት ሙዝ መንፈስ ይሆናል፤ ጥርስ፣ ጥፍርና ጠባሳ የተጨመረበት ግን ምን እንደሆነ የማይታወቅ የተጨነቀ ምግብ ይሆናል።

ትኩሶቹ፦ ሙሚ እና የዓይን ኳስ

በብዙ ቤት ቅድሚያ የሚታሰበው በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ሆት ዶግ፣ ማለትም በፋሻ የተገነዘ የጥንት አስከሬን የሚመስለው ሙሚ ነው። ክረሰንት ሮል የሚባለው ዝግጁ ሊጥ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ይሰነጠቃል፤ ከዚያም በሆት ዶጉ ላይ እንደ ፋሻ ይጠመጠምና በ375 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ190 ሴልሺየስ ገደማ፣ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋገራል። ስምንት ሆት ዶግ ለሁለት ለሁለት ቢቆረጥ 16 ሙሚ ይወጣል። ሊጡ ከፍሪጅ እንደወጣ ሲቆረጥ አይለጠጥም፤ ሆት ዶጉ አስቀድሞ በወረቀት ፎጣ ካልደረቀ ደግሞ ፋሻው ይንሸራተታል። ዋናው ነገር ለዓይን የሚተወው ክፍተት ነው። ሊጡ ምድጃ ውስጥ ስለሚነፋ ክፍተቱ ከሚታሰበው እጥፍ መሆን አለበት፤ ዓይኑም ከተጋገረ በኋላ በሁለት ጠብታ ሰናፍጭ ይሠራል። በመጀመሪያው ሙከራዬ ክፍተቱ ተዘጋ፤ ከምድጃ የወጣውም ሙሚ ሳይሆን በነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን ነበር። አክስቴ ትሪውን አይታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ።

ከሙሚው ጋር የሚወዳደረው የዓይን ኳስ ነው። ትናንሽ የሥጋ ድቡልቡሎች በቲማቲም ስጎ ውስጥ ይበስሉና በእያንዳንዱ ላይ ክብ የሞዛሬላ አይብ፣ በሞዛሬላው ላይ ደግሞ አንድ ቀለበት ጥቁር ወይራ ይቀመጣል። ጣዕሙ ከሙሚው እጅግ ይሻላል። ስጎው ውስጥ አንድ ማንኪያ አዋዜ የሚጨምር ሰው ለአዋቂዎቹ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ ቀዩ ቀለምም ደምን ለመምሰል ሌላ እርዳታ አይፈልግም። የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሐሉ 160 ፋራናይት (71 ሴልሺየስ) እስኪደርስ መብሰል አለበት፤ ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ ድስት ከ140 ፋራናይት በላይ ሙቀቱን ጠብቆ ለሰዓታት ይቆያል። ሙሚው ግን በ30 ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡም ይላላል፤ ተመልሶ ማይክሮዌቭ ሲገባ ደግሞ ጎማ ይሆናል። ስለዚህ እንግዳ ተንጠባጥቦ የሚመጣበት ምሽት ላይ ያለማመንታት የዓይን ኳሱን እመርጣለሁ።

ለልጆች ብቻ ከሆነ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ሙሚው በእጅ ይያዛል፣ ልብስ አያበላሽም፤ ድቡልቡሉ በስቴኪኒ ካልተወጋ አይበላም፣ ስጎው ደግሞ በተከራየ የልዕልት ቀሚስ ላይ ያርፋል። ሆት ዶግ ሲገዙ ጥቅሉ ላይ የበሬ ሥጋ ብቻ መሆኑ መጻፉን ማየት ይገባል፤ ካልተጻፈ የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ይችላል። ሙስሊም እንግዶች ካሉ የሐላል ምልክት ያለበትን መግዛትና ለእነርሱም መንገር ያስፈልጋል፤ ባለቤቲቱ ካልተናገረች እንግዳ በይሉኝታ ሳይጠይቅ ይቀራል፣ ሳይበላም ይሄዳል።

ቀዝቃዛዎቹ፦ እንቁላል እና ማጥቀሻ

እንቁላሉ ከ192ቱ እግሮች ውጪ ሲታይ መልካም ምርጫ ነው። 12 እንቁላል 24 ቁራጭ ይሆናል፤ ዋዜማውን መቀቀልና መላጥ ይቻላል፤ ዋጋውም ከሥጋ ያነሰ ነው። ሳምንት የቆየ እንቁላል አዲስ ከተጣለው ይልቅ በቀላሉ ይላጣል። አስኳሉ ከማዮኔዝና ከሰናፍጭ ጋር ሲደባለቅ ጥቂት አቮካዶ ቢጨመርበት አረንጓዴ የጭራቅ መልክ ይይዛል። በነገራችን ላይ፣ እንቁላል ከልክ በላይ ሲቀቀል በአስኳሉ ዙሪያ የሚወጣው አረንጓዴ ቀለበት፣ ማለትም ከአስኳሉ ብረትና ከነጩ ሰልፈር የሚፈጠረው፣ በዓመት አንድ ቀን የማያሳፍረው በዚህ ዕለት ነው።

በሸረሪቱ ፋንታ ድሩን መሥራት ይሻላል። የተቀቀለው እንቁላል ሳይላጥ ቅርፊቱ በማንኪያ ጀርባ በቀስታ ይሰነጣጠቅና ጥቁር ወይም ሐምራዊ የምግብ ቀለም በተጨመረበት ውሃ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ሲላጥ ቀለሙ በስንጥቆቹ በኩል ገብቶ ነጩ ላይ የሸረሪት ድር ሥሎ ይገኛል። ለ12 እንቁላል የሚወስደው የእጅ ሥራ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሁለት እንቁላል ደግሞ ፈጽሞ አንድ ዓይነት ድር አይኖራቸውም። ድሩ በውጪው ላይ ስለሚታይ ግን ለሁለት ተቆርጦ በአፉ ተደፍቶ ነው የሚቀርበው፤ የሚሞላ ነገር አይኖረውም፣ ጣዕሙም የተቀቀለ እንቁላል ጣዕም ብቻ ነው። ሚጥሚጣ ከጎኑ ይቀመጥለት። በሁለቱም መልኩ እንቁላል በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት አይገባውም፤ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በቶሎ ለሚበላሹ ምግቦች ሁሉ የሚሰጠው ወሰን ይኸው ነው። ትሪውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ከማጥቀሻዎች መካከል የሚወዳደሩት የአቮካዶውና የጥቁር ባቄላው ናቸው። አቮካዶ ሎሚ ቢጨመቅበትም አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ከመቅረቡ በፊት የምግብ ላስቲኩ በሳህኑ አፍ ላይ ሳይሆን በራሱ በአቮካዶው ላይ ተለጥፎ መቀመጥ አለበት። የጥቁር ባቄላው ማጥቀሻ ግን ዋዜማውን ተሠርቶ ቢያድር ይሻለዋል እንጂ አይጎዳም፤ ጥቁር ስለሆነም ነጭ የሸረሪት ድር በላዩ ላይ ከአቮካዶው ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ድሩ የሚሠራው በሳወር ክሬም ነው፤ ክሬሙ ጥግዋ በትንሹ በተቆረጠች የላስቲክ ከረጢት አራት ወይም አምስት ቀለበት እየሆነ ይጨመቃል፣ ከዚያም ስቴኪኒ ከመሐል ወደ ዳር ይጎተትበታል። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ድካም ይህን ያህል አድናቆት ሲያስገኝ አላየሁም። የመጀመሪያው ቺፕስ ሲነከርበት ድሩ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ የሸረሪት ድር ግን አሁንም የሸረሪት ድር ነው፣ አጽሙ የተሸነፈበት ፈተና ይህን አይጥለውም።

ለማጥቀሻው ከሱቅ ቺፕስ ይልቅ ድርቆሽ ልመክር እወዳለሁ። የጥቁር ጤፍ እንጀራ በመቀስ በሌሊት ወፍ ቅርጽ ይቆረጥና በ250 ፋራናይት ምድጃ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቃል። ሲደርቅ ክንፉ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ እንዳይጠቀለል ከላይ የሽቦ መደርደሪያ የሚጭኑ አሉ፣ እኔ ግን ተጠቅልሎ ሊበር የተነሣ መምሰሉን ስለምወድ እተወዋለሁ። ሳምቡሳን ግን ለማስፈራሪያ ማዋል ከንቱ ድካም ነው፤ ዓይን ቢለጠፍበትም ሳምቡሳ ሳምቡሳ ነው። እንዳለ ከጎን ይቅረብ፤ ያልቃል።

የጾም ቀን ሲሆን

ሃሎዊን በ2025 ዓርብ ዋለ፤ በ2029 ደግሞ ረቡዕ ይውላል። እንደነዚህ ባሉት ዓመታት ሥጋው፣ እንቁላሉና አይቡ በአንድ ጊዜ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ጿሚ እንግዶች የሚቀርላቸውም ብዙውን ጊዜ ካሮት ብቻ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ የሚያስቸግር አይደለም። የባቄላው ማጥቀሻ በተፈጥሮው ጾም ነው፤ ሳወር ክሬሙ በሎሚና በውሃ በቀጠነ ጣሂኒ፣ ማለትም በተፈጨ ሰሊጥ፣ ይተካል፣ ጣሂኒ ሎሚ ሲነካው ስለሚነጣ ድሩ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ሁመስ በሚባለው የሽምብራና የጣሂኒ ማጥቀሻ ውስጥ አንድ ትንሽ የተቀቀለ ቀይ ሥር ለአንድ ቆርቆሮ ሽምብራ ተፈጭቶ ቢገባበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ከውስጡ የካሮት ጣቶች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፣ ጫፋቸው ላይ የተሰነጠቀ አልመንድ እንደ ጥፍር ይጣበቃል። የአዋቂ ሰው ፊት የሚያስከፋው፣ ልጅን ደግሞ ካሮት የሚያስበላው ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀላሉ መንደሪን ነው። ተልጦ በአናቱ ላይ አጭር የሰለሪ ቁራጭ ሲሰካበት ትንሽ ዱባ ይሆናል፤ አንዱ 20 ሰከንድ ይወስዳል፣ ለሰዓታት አይለወጥም፣ ሁሉም ጿሚ ይበላዋል። የሚያስፈራ ነገር ግን የለበትም። በአቻነት የሚቀርበው የሙዝ መንፈስ በግማሽ የተቆረጠ ሙዝ ላይ ሁለት የቸኮሌት ጠብታ በመሰካት የሚሠራ ነው፤ ጠብታው ወተት እንደሌለበት ከጥቅሉ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሙዙ በብርቱካን ጭማቂ ካልተነከረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይጠቁራል፤ መንፈሱ መንፈስነቱ ቀርቶ የተረሳ ሙዝ ይሆናል።

ስለ ጥቁር ቀለም፣ ስለ አለርጂና ስለ ትናንሽ ልጆች

ጥቁር ለማድረግ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ምግብ ቀለም ነው፤ ጥርስና ከንፈር ያጠቁራል፣ ልብስ ላይም አይለቅም። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለው የከሰል ዱቄት ደግሞ በሆድ ውስጥ መድኃኒትን ስለሚይዝ መድኃኒት የሚወስድ እንግዳን ሊጎዳ ይችላል፤ ለግብዣ አላውለውም። ጥቁር ባቄላ፣ ጥቁር ወይራና ጥቁር አዝሙድ በቂ ናቸው። ሁለት ፍሬ ጥቁር አዝሙድ በአንድ ትንሽ የሞዛሬላ ኳስ ላይ ሲሰካ ቅጭጭ ያለ ዓይን ያለው መንፈስ ይሠራል፤ ጣዕሙ ኃይለኛ ስለሆነ ከሁለት ፍሬ በላይ አይጨመር።

በአሜሪካ ሕግ መሠረት በምግብ ጥቅል ላይ መገለጽ ያለባቸው ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች ዘጠኝ ናቸው፤ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ መገለጽ የጀመረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ይህም ለጾም የመረጥነውን ሁመስና ጣሂኒ በቀጥታ ይመለከታል። የካሮቱ ጥፍር ከአልመንድ ይልቅ በተቆረጠ የፈረንጅ ቃሪያ ቢሠራ አንዱ ስጋት ይቀንሳል። አውሮፓ ለሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ በመንደሪኑ ላይ የሚሰካው ሰለሪ እዚያ በሕግ ከሚገለጹት አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው፤ በናና ግንድ ይተካ። ድርቆሹም ቢሆን የጤፍ ስለሆነ ብቻ ስንዴ የለበትም ማለት አይደለም፤ በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙውን ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል።

ዕድሜያቸው ከአራት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሉ ሆት ዶግ በክብ ሳይሆን በቁመቱ መሰንጠቅ አለበት፤ ክብ ቁራጩ ጉሮሮ የመድፈን አደጋ አለው። ጥሬ የካሮት ጣትም ለእነርሱ አይሰጥም፤ ስቴኪኒ ያለበት ነገር ሁሉ ከጠረጴዛው ዳር ይራቅ።

በሰዓቱ መሠረት የምመርጠው

የተለመደው የግብዣ ግምት ዋና ምግብ ከተከተለ ለአንድ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ቁራጭ፣ ካልተከተለ ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ነው። ሦስት ዓይነት ይበቃል፤ አምስት ዓይነት የሚያዘጋጅ ሰው አምስቱንም በጥድፊያ ይሠራል።

ልጆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥተው፣ በልተው ከረሜላ ለመሰብሰብ የሚወጡ ከሆነ ሙሚውን፣ መንደሪኑንና ባለ ድሩን የባቄላ ማጥቀሻ አቀርባለሁ። ሦስቱም ቆመው የሚበሉ ናቸው፣ ማጥቀሻው ዋዜማውን ያልቃል፤ የቀረው ሙሚውን እንግዳ ሊገባ 20 ደቂቃ ሲቀረው ምድጃ ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። ግብዣው ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ልጆቹ በከረሜላ ጠግበዋል፣ የራባቸው ሲከተሏቸው ያመሹት ወላጆች ናቸው። ለእነርሱ የዓይን ኳሱን ድስት፣ ድርቆሹንና ሳምቡሳውን አስቀምጣለሁ። የሞዛሬላው ክብ ትኩስ ድስት ውስጥ ከቆየ ቀልጦ ዓይኑ ይፈስሳል፤ ስለዚህ አይቡንና ወይራውን ቆራርጬ ፍሪጅ ውስጥ አቆይና፣ አዲስ እንግዳ በገባ ቁጥር ስድስት ስድስት ዓይን ብቻ እየሠራሁ አወጣለሁ።